በስኩተር ወደ መርከብ

«እግር የሌለው ሰው ባሕር ላይ ምን ይሠራል?» አሉኝ የማኅበራችን ሙሴ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ የቆረሱትን ዳቦ በእጃቸው እንደያዙ።

«እግርማ አለኝ እማማ» አልኳቸው። «ሁለት ናቸው። አይታዘዙም እንጂ አሉ። ደግሞስ ባሕር ላይ እግር ያለው መቼ ይራመዳል? ሁሉም ቁጭ ብሎ አይደል የሚሄደው?»

አክስቴን ሻይ ትን አላት። ሌሎቹ ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። እናቴ ብቻ አልሳቀችም፤ መርከብ ልሳፈር መሆኑን የሰማችው ገና ያኔ ነበርና። ሆን ብዬ ነው። እናቴ በእንግዳ ፊት አትጮህም። የማርያም ማኅበር በወር አንዴ በየተራ ቤት ይወጣል፤ ያን ወር ተራው የእኛ ነበር፤ ለንደን፣ ሃክኒ ያለችው ጠባብ ሳሎናችን በሴት ሞልታለች። ከዚህ የተሻለ ቀን አላገኝም ብዬ፣ ጸሎቱ እስኪያበቃ ጠብቄ፣ «በሰኔ ለሰባት ቀን በመርከብ ኖርዌይ እሄዳለሁ፣ ብቻዬን» አልኩና ዳቦዬን ጎረስኩ።

ሙሴ ማለት የማኅበሩ አለቃ ናቸው። ተራ ያስይዛሉ፣ የቀረውን ይቀጣሉ፣ የተጣላውን ያስታርቃሉ። የእኛ ሙሴ አጭር ናቸው፤ ቆመው እኔ ተቀምጬ እኩል ነን። ሙሴ ይባሉ እንጂ ባሕር ሲባል ያማትባሉ።

ስኩተር ስል ወጣቶቹ ቆመው የሚበሩበትን አይደለም። ወንበር ያለው፣ አራት ጎማ ያለው፣ ፊቱ ላይ ቅርጫት የተንጠለጠለበት፣ በባትሪ የሚሄድ፣ የለንደን አሮጊቶች ገበያ የሚወጡበትን ነው። ጡንቻዎቼ ከልጅነቴ ጀምሮ ደካማ ናቸው፤ በምርኩዝ ከአልጋዬ እስከ ሽንት ቤት፣ ከሶፋው እስከ ማድቤት እራመዳለሁ፤ ከዚያ ያለፈውን ዓለም የማየው በስኩተር ነው። በሃያ አራት ዓመቴ የሰማንያ ዓመት ሴቶች የሚነዱትን እነዳ ነበር። የእኔ ቀይ ናት። እኔ ደግሞ በፍጥነት ነው የምነዳት፤ የሃክኒ ገበያ ነጋዴዎች ሲያዩኝ የቲማቲም ሳጥናቸውን ወደ ውስጥ ይስባሉ።

ሥራዬ የታክሲ ቢሮ ውስጥ ስልክ ማንሳት ነበር። ሃይስኩል ጨርሼ የገባሁት እዚያ ነው፤ ሌላ ትምህርት አልቀጠልኩም፣ አንድ ቦታ ተቀምጦ ማጥናት አያስችለኝም ብዬ። ከዚያ ምን ሆነ? አንድ ቦታ ተቀምጬ ሌላውን የምልክ ሰው ሆንኩ። «ሁለት ሰው፣ አራት ሻንጣ፣ ወደ ኤርፖርት።» «አንድ ሰው፣ አንድ ውሻ፣ ወደ ባቡር ጣቢያ።» አገሩ ሁሉ እኔ በጠራሁለት መኪና ይሄዳል፤ እኔ ወንበሬ ላይ እሽከረከራለሁ። አንድ ጠዋት ድምፅዋ የሚንቀጠቀጥ እንግሊዛዊት ደወለችና «እኔ፣ ሁለት ሻንጣና አንድ ስኩተር፣ ወደ መርከብ» አለችኝ።

«ምን ዓይነት ስኩተር?» አልኳት።

«የአሮጊት ነዋ የኔ ቆንጆ።»

ሌሎቹ ስልኮች እየጮሁ እኔ ይህቺን ሴት ሩብ ሰዓት ያህል ጠየቅኋት። መርከብ ውስጥ ሊፍት አለ? አለ። ስኩተሩን የት ነው ቻርጅ የምታደርጊው? መኝታ ክፍሌ ውስጥ። ማዕበሉስ? ፍሬን ትይዣለሽ። ዕድሜዋን ጠየቅኋት፤ ሰማንያ ሦስት። አብሮሽ የሚሄደው ማነው? አልኳት። ሳቀች። «ባለቤቴ ነበር፤ ሞተ። አሁን ይሻላል፣ መስኮቱ በኩል የምተኛው እኔ ነኝ» አለች። ስልኩን ስዘጋ ጆሮዬ ግሎ ነበር። አለቃዬ ምን ሆንሽ ቢለኝ «ምንም» አልኩት። በምሳ ሰዓት ቡክ ላደርግ ደወልኩ።

የመርከቡ ድርጅት ሠራተኛ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስሜን አልነበረም። የስኩተሩን ስፋት ነው። እናቴ ልብስ ታስተካክላለች፤ ማታ ቤት ስገባ ሜትሯን ከአንገቷ ላይ ለምኜ ለካሁ፤ ሃምሳ አራት ሳንቲሜትር። በማግስቱ መልሼ ስደውል፣ ተራው የመኝታ ካቢን በሩ ጠባብ ነው፣ ለእናንተ ዓይነት ሰው የሚሆን ሰፊ ካቢን የቀረን አንድ ብቻ ነው አለችኝ። ኮሪደር ላይ ማቆም ክልክል ነው፤ አደጋ ቢደርስ ሰው የሚሸሸው በዚያ ነው። «አብሮዎት የሚጓዝ ሰው አለ?» «የለም።» «ያለ ረዳት ወደ መርከቡ መውጣትና መውረድ—» ሳትጨርስ «እችላለሁ» አልኩ።

ያን የማኅበር ቀን እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እናቴ ሳህን እያጠበች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «እኔም እመጣለሁ» አለች።

«አልጋው አንድ ነው እማ።»

«መሬት እተኛለሁ።»

«መሬት የለም፤ ባሕር ነው።»

ሳህኑን አስቀመጠችና ዞረች። እናቴን ማወቅ ያስፈልጋል። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከአገር ስንወጣ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ስኩተር የለ፣ ምርኩዝ የለ፣ ድንበሩን ያሻገረችኝ ጀርባዋ ላይ አዝላ ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ከባድ ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ሌሊት ተለያይተን አድረን አናውቅም። የትምህርት ቤት ጉዞ ሲመጣ አትሄድም ትላለች። ጓደኞቼ ለልደት ሌላ ከተማ ሲሄዱ አመመኝ እላለሁ። ቤታችን ውስጥ ማን ያለ ማን መኖር እንደማይችል ጥያቄ ሆኖ ተነስቶ አያውቅም፤ የማልችለው እኔ ነኝ ተብሎ ተዘግቷል። ይህ ጉዞ ካለፈኝ፣ እናቴ አንዴ «አትችይም አልኩሽ እኮ» ካለች፣ ሁለተኛ አልነሳም። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን።

«ወደቡ ድረስ እሸኝሻለሁ» አለች። «ሰው ሳይገፋሽ፣ ሰው ሳይዝሽ መርከቡ ውስጥ ከገባሽ ሂጂ። አንድ ሰው እጁን ካስገባ ግን ከኔ ጋር ወደ ቤት ትመለሻለሽ። ማዪ በማርያም።»

«በማርያም» አልኩ። የማኅበሩ ሻማ ገና አልጠፋም ነበር። በማርያም ከተባለ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት እብደት ነበሩ። የካቢኑን ልክ ከድርጅቱ ጠይቄ ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ በፕላስተር አሠመርኩት። አልጋው እዚህ፣ ሽንት ቤቱ እዚህ፣ በሩ እዚህ። ጠዋትና ማታ ገብቼ እዞራለሁ፣ ወደ ኋላ ወጥቼ እንደገና እገባለሁ። እናቴ ሻይ ይዛ ስታልፍ «እማ! ግድግዳው ውስጥ ነሽ!» ብዬ እጮኽባታለሁ። መጀመሪያ ትቆጣ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሳታስበው በበሩ በኩል መግባት ጀመረች። አንድ ቀን እንዲያውም ቆም ብላ አንኳኳች፣ በአየር ላይ፤ ከዚያ ያደረገችው ገባትና ተናዳ ወጣች። እኔ በሳቅ ከስኩተሩ ልወድቅ።

ሙሴያችን በበኩላቸው ሌላ ጉድ ይዘው መጡ። «ሳይሰናበቱ ባሕር አይታለፍም» አሉ። «ያስቀየምሽው ካለ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ። ያስቀየመሽ ካለ ይቅር ትያለሽ። ሰው ምን ያውቃል?»

«ለሰባት ቀን እኮ ነው እማማ!»

«ኖኅም ለአርባ ቀን ብሎ ነው የገባው፤ ዓመት ነው የቆየው» አሉ።

ይህን ምን ትመልሱለታላችሁ? ተሰናባች ሆንኩ። ከመሄዴ በፊት ባለው ቀን በአውቶቡስ መንገድ ጀመርኩ። ሹፌሩ መወጣጫ ራምፑን ሲያወርድ፣ ሕዝቡ መንገድ ሲለቅ፣ እኔ ቅርጫቴ ውስጥ ምንም ሳልይዝ ወጣሁ። ስመለስ ግን ቅርጫቱ አይታይም ነበር።

መጀመሪያ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል የሚባለው ሰፈር፣ አንዲት የእናቴ ጓደኛ ቤት። ሦስተኛ ፎቅ ናቸው፤ ሊፍቱ ተበላሽቷል። እኔ ከታች፣ እሳቸው ከበረንዳው ላይ ሆነው ተሰነባበትን። «እግዚአብሔር በሰላም ያግባሽ!» ይላሉ በሙሉ ድምፃቸው፤ እኔ «አሜን!» እላለሁ፤ የጎረቤቶቻቸው መስኮቶች አንድ በአንድ ይከፈታሉ። መጨረሻ ላይ በሶ በፕላስቲክ አድርገው በሻርፕ አስረው አወረዱልኝ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሰውዬ እጁን ዘርግቶ የሚወድቅ ሰው ያዳነ መስሎት ሻርፑን ያዘ። «ሂዩማን ኖ! ፉድ!» አሉት። ለቀቀው።

ከዚያ ባተርሲ። እዚያ የሚኖሩት ጋሼ ናቸው፤ ማኅበሩ በሙሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። በወጣትነታቸው ባሕር ኃይል ነበሩ፣ ምጽዋ። እኔ ከመምጣቴ በፊት ኮት ለብሰው ወንዙ ዳር ወጥተው ጠበቁኝ። ይቅርታ ምናምን የሚባል ነገር አላነሱም። ስኩተሬን ዙሪያዋን ዞሩ፣ ጎማዎቹን በጫማቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉ፣ ቅርጫቱን አናወጡ።

«ፍሬኗስ?»

«እጀታውን ስለቀው ራሷ ትይዛለች ጋሼ።»

«ጥሩ። ማዕበል ሲመጣ ጫማሽን አትይ። አድማሱን እይ። በባዶ ሆድ አትሁኚ። እኛን አያስመልሰንም እያሉ የሚፎክሩትን አትመኛቸው፤ መጀመሪያ የሚያስመልሳቸው እነሱ ናቸው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ብቻሽን ነሽ?» አሉ።

«ብቻዬን።»

ጋሼ ተረከዛቸውን ገጠሙና ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡኝ። በሩጫ የሚያልፍ ፈረንጅ ሊያደናቅፋቸው ትንሽ ቀረው። መንገድ እየጀመርኩ እኔም ሰጠሁ፤ ግን በዚያው እጄ እጀታውን ስለለቀቅሁ ስኩተሬ ቀጥ ብላ ቆመች። «አየሽ፣ እሷም ታውቃለች» አሉ።

ቤት ስደርስ ከባትሪው መብራቶች ቀዩ ብቻ ነው የቀረው። ችግር የለም። ከሶፋው ጀርባ ባለችው ሶኬት ቻርጅ ላይ ሰካኋትና ገላዬን ታጠብኩ። ቤቱ በሸኚ ተሞልቷል። ለሰባት ቀን! አንዷ ለማቅለሽለሽ ይሆናል ብላ ሎሚ፣ አንዷ ዳቦ ቆሎ፣ አንዷ ለብርድ የራሷን ካልሲ። መርከቡ ላይ በቀን አምስት ጊዜ ምግብ አለ ብላቸው «ይኑር፣ ቅመም የለውም» አሉ። እናቴ የሰፋችልኝን ሰማያዊ ቀሚስ አወጣች፤ ከካፒቴኑ ጋር እራት የሚበላበት ቀን አለ ብዬ ነግሬአት ነበርና። አክስቴ ቀሚሱን አይታ «በዚህ ጭርምትምት ቀሚስ ካፒቴን ፊት ልትቀርቢ ነው?» አለችና ካውያ ጠየቀች። ያን ምሽት ያየሁት ይህን ብቻ ነው። ደክሞኝ ስለነበር በጊዜ ተኛሁ።

ጠዋት ስነሳ ቀሚሱ ተሰቅሏል፤ አንዲት መስመር አይታይበትም። የካውያው ገመድ ከሶፋው ጀርባ ካለችው ሶኬት ላይ እንደተሰካ ነው። የስኩተሬ ቻርጀር ደግሞ ምንጣፉ ላይ ተኝቷል።

አንድ መብራት። ቀይ።

ይህች ባትሪ ለመሙላት ስድስት ሰዓት ትፈልጋለች። መኪናው የሚመጣው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነበር። ካውያውን ነቅዬ ቻርጀሩን ሰካሁ፤ ማንም አላየኝም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀዩ ብርቱካናማ ሆነ። ለእናቴ ብነግራት እዚያው ሳሎን ውስጥ ያልቃል፤ «አየሽ» ትላለች፣ ሻንጣውን ትፈታለች፣ ልብሴን መልሳ ቁም ሣጥን ታስገባለች። ስለዚህ ሻርፔን አውልቄ የባትሪው መብራት ላይ አሰርኩት፣ ለጌጥ ይመስል።

«ምንድን ነው?» አለች እናቴ።

«ፋሽን» አልኩ።

ከቢሮአችን ሹፌሮች አንዱ፣ የቱርክ ሰው ነው፣ ትልቁን መኪና ይዞ መጣ። መስኮቱን አውርዶ «ዛሬ የምትላኪው አንቺ ነሽ?» አለና የሃክኒ መንገድ እስኪነቃ ጥሩንባውን ነፋው። እናቴ፣ አክስቴ፣ ሙሴያችንና ሌሎች ሁለት የማኅበሩ ሴቶች ነጭ በነጭ ለብሰው ተሳፈሩ። ቴምዝ ዳር ወዳለው ወደብ እስክንደርስ ሙሴያችን ውዳሴ ማርያም ደገሙ፤ ቱርኩ በየመብራቱ «አሚን» እያለ ይነዳል። እኔ የማውቀው ጸሎት ሁሉ ከአፌ ጠፍቶ በልቤ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ባትሪ፣ ባትሪ፣ ባትሪ።

መርከቡን ሳየው ግን ባትሪውንም ረሳሁት። እኛ የምንኖርበት የካውንስል ሕንጻ ነጭ ተቀብቶ በጎኑ ቢተኛ ያህላል። በረንዳ በበረንዳ ላይ፣ መስኮት በመስኮት ላይ። እና ከታች፣ የመሳፈሪያው አዳራሽ ውስጥ፣ ስኩተር! አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ ባንዲራ የተሰቀለበት፣ ጥሩንባ የተገጠመለት፣ አንዱማ የቤት ድመቱን ፎቶ ቅርጫቱ ላይ የለጠፈ። አሥራ አንድ ቆጠርኩ። ነጂዎቹ ሁሉ ሽማግሌና አሮጊት ናቸው። አንዷ ሐምራዊ ፀጉር ያላት ሴት በአጠገቤ ስታልፍ ሞተር ብስክሌት ነጂዎች እርስ በርስ እንደሚያደርጉት ጣቷን ከእጀታው ብድግ አደረገችልኝ። እኔም አደረግኩ። ከደስታ ብዛት ሳቄ በአፍንጫዬ ወጣ።

«ምን ያስቅሻል?» አለች እናቴ።

«ዘመዶቼ ናቸው» አልኳት።

በገመድ የታጠረው ሰልፍ ውስጥ ገባሁ። ሸኚዎቹ ከገመዱ ውጭ እኩል እኩል ከእኔ ጋር ይራመዳሉ። ፍጥነቱን ዝቅተኛው ላይ አድርጌ፣ ትንሽ ሄጄ እቆማለሁ፣ ትንሽ ሄጄ እቆማለሁ። የተሳፋሪ ወረቀት የሚታይበት ጠረጴዛ ጋ ልደርስ ሠላሳ እርምጃ ያህል ሲቀር ስኩተሬ ጢ… ጢ… አለችና ዝም አለች።

እጀታውን ጨመቅሁ። ምንም። ቁልፉን አጥፍቼ ከፈትኩ። ምንም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው የቆመ መኪና ካየ ሳይጠየቅ ይገፋል። ማሰብ የለበትም፤ እጁ ራሱ ያውቃል። የቆመ ታክሲ ገፍታ ያላስነሳች የማኅበራችን ሴት የለችም። «ቆመባት!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ገመዱ ከፍ አለ፣ አራት ሴቶች በነጠላቸው ከሥሩ ገቡ። «አይ! አትንኩኝ! ተዉ!» እያልኩ ነው። ማን ሰምቶኝ! ገፉ። ስኩተሬ ግን ባትሪዋ ሲያልቅ ፍሬኗ ይይዛል፤ ወይ ፍንክች።

«ማርሽ ላይ ናት!» አለች አክስቴ።

«ማርሽ የላትም! ተዪኝ አክስቴ በናትሽ!»

«ይቺ ቀይ ነገር ምንድን ናት ታዲያ?»

ከወንበሬ ጀርባ ሥር ያለችው ቀይ ማንሻ ናት። ፍሬኑን የምትለቀው። አክስቴ ሳበቻት።

አራት ሴቶች በሙሉ ጉልበታቸው እየገፉ ባለበት ሰዓት ፍሬን ቢለቀቅ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ተወነጨፍኩ። አንዱን ገመድ በደረቴ በጠስኩ፣ ሁለተኛውን ይዤው ሄድኩ፣ ሐምራዊዋ ሴት «ዊይይ!» ብላ ስትጮህ ሰማሁ፣ አርባ የሚሆን ሰልፈኛ ግራና ቀኝ ተከፈለ፤ ሙሴያችን አንድ እጃቸው ወንበሬ ላይ እንደሆነ እየሮጡ እልልታቸውን አቀለጡት። ጠረጴዛውን በቅርጫቴ ገጭቼ ቆምኩ። ሎሚዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለሉ።

ከጠረጴዛው ጀርባ ያለው ወጣት ሠራተኛ አንዱን ሎሚ በመዳፉ ያዘና «እንኳን ደህና መጡ» አለ። ሰልፈኛው አጨበጨበ። እኔም ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ እንባዬ እየወረደ ሳቅሁ። ከዚያ ዞር ስል እናቴን አየኋት። ገመዱን አልተሻገረችም። ሻንጣዬን ይዛ ከነበረችበት ሳትነቃነቅ ቆማ ወንበሬ ላይ ያሉትን እጆች እየቆጠረች ነበር።

ሳቄ ቆመ።

«ከእነዚህ ውስጥ የሚጓዙት የትኞቹ ናቸው?» አለ ወጣቱ።

«እኔ ብቻ።»

«እነሱስ?»

«ሸኚዎች።»

ወረቀቴን አየ፣ ስኩተሯን አየ። «ያለ ረዳት ይወጣሉ ይላል እዚህ። ሠራተኞቻችን መግፋት አይፈቀድላቸውም።»

«ባትሪው ነው ያለቀው፣ እኔ አላለቅሁም» አልኩት። «ሶኬት የት አለ?»

ግድግዳው ጋ ጠቆመኝ። በሩ የሚዘጋው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው አለ። ወደ ሶኬቱ መሄድ ነበረብኝ፤ አስራ ሁለት እርምጃ። አክስቴ እጇን ስትዘረጋ «እንዳትነኪኝ!» አልኳት። ከስኩተሩ ወረድኩ፣ በአንድ እጄ ምርኩዜን፣ በሌላው እጀታዋን ይዤ፣ ቀይዋ ማንሻ እንደተለቀቀች፣ ስኩተሬን ራሴ ገፋኋት። አራት ጊዜ አረፍኩ። ሰካኋት። ግድግዳውን ተደግፌ ወንበሯ ላይ ቁጭ አልኩ።

እናቴ መጣች፣ ሻንጣውን አቆመችና ላዩ ላይ ተቀመጠች።

«ተገፋሽ» አለች።

«ሰልፉ ውስጥ ነው እንጂ መርከቡ ውስጥ አይደለም።»

«በማርያም ብለሻል።»

«መርከቡ ውስጥ ከገባሽ ነው ያልሽው!»

«አንድ ሰው እጁን ካስገባም ብያለሁ። አራት ሰው ነው ያስገባው። ስምንት እጅ።»

ሴቶቹ ከበቡን። መሐላው ምን እንደነበር ሲሰሙ አንዷ ጉንጯን ያዘች፣ አንዷ «ወይኔ፣ እኛ ነን ያስቀረናት» አለች። ያኔ ሙሴያችን ትንፋሻቸው ገና ሳይመለስ ነጠላቸውን አጣፉና «ዝም በሉ፣ ነገሩ ይታይ» አሉ። ማኅበር ነው፤ ነገር ሲመጣ የሚያየው ሙሴ ነው፣ ሃክኒም ይሁን ወደብ።

«ባትሪው ለምን አለቀ?» አሉኝ።

እውነቱን ተናገርኩ። የተሰናበትኳቸውን፣ ሶኬቱን፣ ካውያውን፣ ሻርፑን ሳይቀር። ሻርፑ ሲነሳ እናቴ «ፋሽን!» አለች በጥርሷ። አክስቴ ደግሞ ቀስ በቀስ ፊቷ ተለወጠ።

«እኔ ነኝ የነቀልኩት» አለች። «ቀሚሱ ቢጨማደድ ምን ይሉናል ብዬ… ስልክ መስሎኝ ነው በማርያም።»

«አንቺ ደግሞ በማርያም አትበይ፣ አንድ በማርያም ይበቃናል» አሏት ሙሴያችን። አሰቡ። ወንበር ስላልነበረ የእኔ ስኩተር ኋላ ላይ ተደግፈው ነው የሚያስቡት። ከዚያ ፈረዱ፦ «ልጅቷ ምሎ ያፈረሰ ሰው አይደለችም። አትንኩኝ ስትል ሁላችንም ሰምተናል፤ ሰምተን ገፍተናል። የተገፋ ሰው ገፊ አይደለም። እንድትሰናበት ያስገደድኳት እኔ ነኝ፤ ባትሪዋ ያለቀው በእኔ ነው። ሶኬት የነቀለችው አንቺ ነሽ፤ የሚመጣው ወር ማኅበር ባንቺ ቤት ነው፣ ሁለት ዳቦ። እኔም እቀጣለሁ፤ ጠላው በኔ።» ወደ እናቴ ዞሩ። «መሐላው ግን ላንቺ የተማለ ነው። እኔ ልፈታው አልችልም። አንቺ ነሽ የምትፈቺው።»

ሰልፈኛው እያለቀ ሄደ፣ ሐምራዊዋ ሴት ከላይ በረንዳ ላይ ሆና እጇን ታወዛውዛለች፣ ስኩተሬ አንድ መብራት ጨመረች፣ እናቴ ሻንጣው ላይ ተቀምጣ ወለሉን ታያለች። እኔ ከጠረጴዛው ወርደው እስከ እግሬ የተንከባለሉትን ሎሚዎች በምርኩዜ ወደ ራሴ እስባለሁ። ከሰባት ቀኑ ጉዞ ሁሉ ረጅሙ ያ ሰዓት ነው።

ወጣቱ ሠራተኛ መጣ። በሩ ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ቀርቷል አለ። ግን እኔን አላየም፤ በእኔ ራስ ላይ አሻግሮ እናቴን ነው ያናገራት። «እርስዎ እናትዋ ነዎት? ብቻዋን መሄድ ትችላለች?»

አፌን ልከፍት ነበር። እናቴ ተነሳች። እንግሊዝኛዋ የልብስ መጠገኛ ሱቅ እንግሊዝኛ ነው፣ አጭርና ቁርጥ ያለ።

«ለምን እኔን ትጠይቀኛለህ?» አለችው። «የምትሄደው እሷ ናት። እሷን ጠይቃት።»

ወጣቱ ደነገጠ። ይቅርታ አለ፣ ጎንበስ ብሎ እኔን ጠየቀኝ። «እችላለሁ» አልኩት። ካርዴን ሰጠኝ።

ቻርጀሩን ነቅዬ ቅርጫቱ ውስጥ ከተትኩ። ቀይዋን ማንሻ መለስኩ፣ ቁልፉን ከፈትኩ፤ ሁለት መብራት። ሻንጣዬን የሚወስዱት የመርከቡ ሠራተኞች ነበሩ። ሙሴያችን ግንባሬን በአንገት መስቀላቸው ዳሰሱ። አክስቴ አለቀሰች። ሴቶቹ ሁሉ እጃቸውን ከኋላቸው አጣምረው፣ እንደተቀጣ ተማሪ፣ ተሰልፈው ቆሙ።

እናቴ ጎንበስ አለች፤ ጉንጬን ሳመችኝ፣ ሌላውን ሳመችኝ፣ የመጀመሪያውን ደገመች። አራተኛውን ሳልጠብቅ እጀታውን ጨምቄ ወደ መርከቡ መወጣጫ ሄድኩ።